«ጎበዝ» የምትለዋ ጥንቸል

መምህርቷ ቀይ ካርድ አነሳች።

«ይሄ ምን ቀለም ነው?»

ልጅቱ መምህርቷን ዓይን ዓይኗን እያየች ፈገግ አለች እንጂ አልመለሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ ሰብስባ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አሳምሮ እንደሚያውቅ ሰው ዝም ብላ ጠበቀች። መምህርቷም ትንሽ ጠበቀችና «እሺ፣ ጎበዝ» ብላ ካርዱን ገለበጠችው። ልጅቱ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች።

ቢጫ መጣ። ዝም። «እሺ፣ ጎበዝ።» ጭብጨባ። ክብ መጣ፣ ሦስት ማዕዘን መጣ፣ ድመት መጣች፣ ዓሣ መጣ። ያው ነው። አሥራ ሁለት ካርድ ወጥቶ አለቀ፤ ልጅቱ አሥራ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች እንጂ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም።

እናትየው ጥግ ላይ፣ ለአራት ዓመት ልጅ በተሠራች ወንበር፣ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጣ በግናለች። በሩ ላይ «ወላጅ በፈተና ሰዓት መናገር አይፈቀድለትም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባይለጠፍ ኖሮ ገና በሁለተኛው ካርድ ክፍሉን ቀውጢ ታደርገው ነበር። ቀይ ጠፍቷት ነው? ይቺ ልጅ? ክብን ከሞላላ የምትለየው፣ የሃያ እንስሳ ስም የምታውቀው? ኧረ ወይ ጉድ!

መምህርቷ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ቅጹ ላይ መጻፍ ጀመረች። ቀና ሳትል «እናት፣ ልጅቷ ጆሮዋን ታይታ ታውቃለች?» አለች።

«ጆሮዋ ምን ሆነ? የብስኩት ወረቀት ሦስተኛ ቤት ሲቀደድ የምትሰማ ልጅ ናት!»

«መልካም። የሚጠይቋትን ትረዳለች?»

«ቲቸር፣ ልጄ ይሄን ሁሉ ታውቃለች። እስከ ሃምሳ የሚያስቆጥረውን ቪዲዮ ብቻ ስንት ጊዜ አይታዋለች።»

«አየችው ወይስ ቆጠረች?»

ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! መምህርቷ ቅጹን አዙራ አሳየቻት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ደስ በሚል የእጅ ጽሑፍ፣ «ጥያቄ አይገባትም፤ ለመደበኛ ክፍል አልደረሰችም» ይላል።

«ይሄን ይሰርዙልኝ።»

«እኔ አልሰርዝም። ቅሬታ ካለዎት ሐሙስ ጠዋት ዳይሬክተሯ ራሳቸው ያዩዋታል። የምዝገባው የመጨረሻ ቀንም እሱ ነው። ካልሆነ ግን ቅጹ ፋይሏ ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ትምህርት ቤት ብትሄድም አብሯት ይሄዳል።»

አብሯት ይሄዳል! ገና የጫማዋን ግራና ቀኝ ያልለየች ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ «አብሯት ይሄዳል» ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ዓመት መዘግየቱ እሺ ይሁን። ያቺ አንዲት መስመር ግን አንደኛ ክፍልም ትቀድማታለች፣ አራተኛ ክፍልም ትቀድማታለች። አስተማሪ በተቀየረ ቁጥር ገና ልጅቱን ሳያይ «አዪዪ፣ ይቺ እንኳ…» እያለ ኋላ ወንበር ላይ ሊያስቀምጣት ነው። እናትየው የልጇን እጅ ይዛ ስትወጣ ሐሙስ ድረስ ያቺን መስመር ካላሰረዘች እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቋታል፤ መንገዱን ሙሉ ለራሷ ነው የምታወራው። አባቷ ድንቢጥ የሚላት ልጇ የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ እየመረጠች በአንድ እግሯ ትዘላለች።

እስቲ አሁን እናንተ ፍረዱ። ይቺ ሴት ልጇን ባገኘችው ስክሪን ፊት የጣለች እናት ብትሆን ኖሮ እኔም «የእጇን አገኘች» ብዬ ዝም እል ነበር። አይደለችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራው ቤቷ ውስጥ፣ ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍላ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሁለት ማሽን፣ ካውያ፣ ደንበኛ የሚለካበት መስታወት። ልጅቱን የሚይዝላት ሰው የለም። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲቦረቡር ነው የሚውለው። ስለዚህ ልጅቱ ከጠረጴዛው ሥር፣ ትራስ ላይ፣ ከታብሌቷ ጋር ትውላለች። እናትየው «ካየች አይቀር የሚረባ ነገር ትይ» ብላ ቆርጣ ተነሳች።

ለልጅ የሚሆን ቪዲዮ መፈለግ ቀላል ይመስላችኋል? ሞክሩትና እንነጋገር። ፊደል ላስተምር ብሎ ይጀምርና አራተኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ድቦች በመዶሻ ይፈነካከታሉ። «ቁጥር ለሕፃናት» ይልና ዳክዬዋ ከሰባት ወደ ዘጠኝ ትዘላለች፤ ስምንትን ምን በላው? አንዱ ደግሞ ሙሉ ሰዓት የአሻንጉሊት ካርቶን እየከፈተ «ዋው! ዋው!» ሲል ይውላል፤ ይሄ ምኑ ነው ትምህርት? አንዷ ዘፋኝ ድምጿ ጆሮ ይበሳል። ጌሙም ያው ነው፣ ሦስት ፖም ካስነካ በኋላ የጫማ ማስታወቂያ ይደቅንብሻል፣ መዝጊያዋ ደግሞ ከጤፍ ታንሳለች። እናትየው በምሳ ሰዓቷ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ አንድ በአንድ አየች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትዘል። ስድብ ካለበት ውጣ፣ ድብድብ ካለበት ውጣ፣ ማስታወቂያ ካለበት ውጣ። በአራት ወር ስንቱን አባረረች።

በመጨረሻ ጥንቸሏን አገኘች። ሽርጥ የታጠቀች፣ ድምጿ ለስላሳ፣ አማርኛዋ የጠራ፣ ማስታወቂያ የሌላት ጥንቸል። ስልሳ ሁለት ክፍል አላት። ሁሉንም አየች፤ አንድ እንከን አጣችባት። ከጥንቸሏ ጋር አብሮ የሚሄድ ጌምም ነበር፤ እሱንም ፈትሻ አሳለፈችው። ወሬው በሕንፃው ተዳረሰ። ምድር ቤት ያለችው ጸጉር ሠሪ «ሳንሱር» የሚል ስም አወጣችላትና «ሳንሱር ያሳለፈችውን ላኩልኝ» ማለት ተጀመረ። ደንበኞች ሊለኩ ሲመጡ ከጠረጴዛው ሥር ጸጥ ብላ የተቀመጠችውን ልጅ እያዩ «ውይ ስታምር! እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! የኔዎቹ ቢሆኑ ቤቱን አፍርሰውት ነበር» ይላሉ። እናትየው ይሄን ስትሰማ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታወቅ ነበር፣ ለምን ይዋሻል።

እና አሁን ይቺ ባለመነጽር ተነስታ «ጥያቄ አይገባትም»!

ሕንፃው በር ላይ ከባሏ ታላቅ እህት ጋር ተገናኙ። ነርስ ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቱን እሷ ትይዝላታለች። ከሥራ እየተመለሰች ነው፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

«እንዴት ሆነች ድንቢጣችን? አለፈች?»

ልብስ ሰፊዋ ፍለጋ ላይ ነበረች፤ ንዴቷን የምታወርድበት ሰው ፍለጋ። አገኘች።

«አንቺን ልጠይቅሽ እንጂ! ቅዳሜ ቅዳሜ ምንድነው የምታሳያት? ያንን የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ድራማሽን አይደል? ልጄን አፈዘዝሻት! ሰው ሲጠይቃት ፈዛ ነው የምታየው!»

«እኔ? ድራማ? ኧረ ተይኝ እባክሽ! እኔ ቤት ስትመጣ ቴሌቪዥን እንኳ የምታሳየኝ አይደለችም። ምላሷ አያርፍም። ሽንኩርት ስልጥ ለምን ታለቅሻለሽ፣ ድስቱ ለምን ይጮኻል፣ ጎረቤትሽ ለምን ጸጉር የለውም… ሲመሽ ራሴን ነው የሚያመኝ።»

«የኔ ልጅ? ምላሷ አያርፍም? ዓይን ያወጣ ውሸት!»

«እንግዲህ እኔ ውሸታም ከሆንኩ ቅዳሜ ሌላ ሰው ፈልጊ» አለች ነርሷ፤ ደረጃውን እየረገጠች ወጣች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ልጅቷን ግን እስቲ አዳምጫት!» ብላ ጮኸች። ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በሯን ከፈተች።

ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ልጅቱን መቁረጫ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። ከክር ሳጥኑ ቀይ ጥቅል አነሳች።

«ይሄ ምን ቀለም ነው?»

ድንቢጥ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። ጀርባዋን አቀናች። ፈገግ አለች።

«መልሺ እንጂ!»

ዝም።

«ታውቂዋለሽ እኮ! ምን ቀለም ነው? መልሺልኝ!» ድምጿ መስታወቱን የሚያንቀጠቅጥ ነበር። «ማን ነው አፍሽን የዘጋው? ማን ምን አደረገሽ? ተናገሪ!»

ልጅቱ ግራ ገብቷት እጆቿን አነሳችና ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። እናትየው ያኔ ነው ትከሻዋን ይዛ የነቀነቀቻት። አንዴ ነው። አንዴ ግን በቃ፤ የልጅቱ ልቅሶ ቤቱን ሞላው። እናትየው ክሩን ወርውራ አቅፋት አብራት አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ንዴቷ አልበረደም።

ባሏ የገባው እዚህ ላይ ነው። ጸጉሩ በግድግዳ ብናኝ ነጥቷል፣ የመሣሪያ ቦርሳው እጁ ላይ ነው። ሁለቱን ሴቶች አየ።

«ማን ሞተ?»

«ቀልድህን አቁም!» አለችው። ከቅጹ ጀምራ እስከ እህቱ ድረስ አንድም ሳታስቀር አወረደችለት። እህቱን ስትሰድብ «እህቴን ተያት» አላት፤ «አንተ ደግሞ መቼም ለሷ ነህ» አለችው። «አንቺ ደግሞ ስትናደጂ ከፊትሽ የተገኘውን ነው የምትነክሺው» አላት። ይሄን ባይላት ይሻል ነበር፤ ለሩብ ሰዓት ያህል እሱም የድርሻውን ጠጣ። ከዚያ መሣሪያውን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የማየው መስመሩን ነው። ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ የምታየው ምንድነው? ጥንቸሏን አይደለም? ክፈቺያት።»

«ጥንቸሏ ምን ታደርግ! ስልሳ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ እኮ።»

«ከድንቢጥ ጋር ነው ያየሻቸው?»

ከልጅቱ ጋር አላየችም። በምሳ ሰዓቷ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ብቻዋን ነበር ያየችው። ታብሌቱን ከፍተው ሦስቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። ድንቢጥ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ቦታዋን ያዘች።

ጥንቸሏ ከቅርጫቷ ፖም አወጣች። «ልጆች፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?» አለች በዚያ ለስላሳ ድምጿ። ዓይኗን አርገበገበች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ጎበዞች! ቀይ ነው! እናጨብጭብ!»

ልጅቱ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰብስባ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ፈገግ ብላ ጠበቀች። ጎበዞች ሲባል ሁለት ጊዜ አጨበጨበች።

አባትየው ሊስቅ ነበር፣ የሚስቱን ፊት አየና ዋጠው።

«ምን ሰምታ ነው?» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። ከዚያ ቱግ አለች። «ምን ሰምታ ነው ጎበዝ የምትላት?! ልጄ ምን ብላት ነው? ‹ሰማያዊ› ብትላት ጎበዝ፣ ‹ዝሆን› ብትላት ጎበዝ፣ ዝም ብትላት ጎበዝ! ጠይቃ፣ ራሷ መልሳ፣ ራሷ ታጨበጭባለች! ደንቆሮ!»

ጌሙን ከፈተች። «ሰማያዊውን ፊኛ ንኪ» አለ። ሳትነካ ጠበቀች። አምስት ሰከንድ ሲሆን ፊኛው ራሱ ፈንድቶ ኮከብ ሰጣት። ምንም ላላደረገች ሴትዮ ኮከብ! አራት ወር ሙሉ ስድብ ፈልጋለች፣ ድብድብ ፈልጋለች፣ ማስታወቂያ ፈልጋለች፤ ልጇ የምትናገርበት ቦታ ይኖረው እንደሆነ ግን አንድ ቀን አልፈተሸችም። ያቺ ባለመነጽርም ከጥንቸሏ በምን ትለያለች? ትጠይቃለች፣ ትጠብቃለች፣ «እሺ፣ ጎበዝ» ትላለች። ልጅቱ ሌላ ጥንቸል አገኘሁ ብላ ነው!

ስልሳ ሁለቱንም አጠፋቻቸው። አንድ በአንድ፣ ጣቷ ስክሪኑን እስኪበሳው እየተጫነች። ለጸጉር ሠሪዋም «የላክሁልሽን በሙሉ አጥፊው» ብላ ድምጽ ላከችላት። ጸጉር ሠሪዋ «ሳንሱር፣ ምነው በደህናሽ ነው? ልጆቼ ይጮኹብኛል እኮ» ብላ መለሰች። «ይጩሁ!» አለቻት።

ረቡዕ አባትየው ከሥራ ቀረና ልጅቱን ይዞ ወጣ። እናትየው ለሙሽራ አጃቢዎች የሚሆን አምስት ቀሚስ ዓርብ ማስረከብ ስላለባት አብራቸው መውጣት አልቻለችም። ከሰዓት ሲመለሱ አባትየው ፊቱ በርቷል።

«ትመልሳለች እኮ! ያየነውን ሁሉ ስጠይቃት ነው የዋልኩት። የአውቶቡሱን ቀለም፣ የአጥሩን ቀለም… እንደውም ዝም በይ ብላትም እንቢ አለች።»

«አላልኩህም? ጥንቸሏ ናት!» አለች ሚስቱ፤ ማሽኗን አቁማ ልጅቱን ጉንጯን ሳመቻትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። በዚያ ቀን ልቧ ሞልቶ ነው የዋለችው። ጥፋተኛው ተገኝቷል፣ ተሰርዟል፤ ሐሙስ የሚቀረው መስመሯን ማሰረዝ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዳይሬክተሯ ክፍል ገቡ። ዳይሬክተሯ ሸምገል ያሉ፣ ሻርፕ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴት ናቸው። ጠረጴዛቸው በፋይል ተሞልቷል። ባለመነጽሯም በጎናቸው ተቀምጣለች፣ ቅጹ ከፊቷ ነው፣ እስክሪብቶዋ ተከፍቷል።

«በይ ቲቸር፣ እንደ ማክሰኞው አድርገሽ አሳዪኝ» አሉ ዳይሬክተሯ።

መምህርቷ ቀይ ካርድ አነሳች። «ይሄ ምን ቀለም ነው?»

ልጅቱ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች፣ ጀርባዋን አቀናች፣ ፈገግ አለች።

ኧረ በፈጣሪ! ትናንት ስትለፈልፍ አልዋለችም? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መምህርቷ ካርዱን ልትገለብጥ እጇን አነሳች። «እሺ፣ ጎበ…»

«ምን አድርጋ ነው ጎበዝ ያልሻት?!»

በር ላይ የተለጠፈው ወረቀትም፣ «እርስዎ»ውም የት እንደገቡ አልታወቀም። ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች፣ ፊቷ ቀልቷል።

«ንገሪኝ እንጂ! ምን መለሰችልሽ? ምንም! ታዲያ በምኗ ነው ጎበዝ? ‹ጎበዝ› ትያታለሽ፣ ዞረሽ ደግሞ ‹አይገባትም› ብለሽ ትጽፊያለሽ! ልጄ ጎበዝ ስትባል ጨርሻለሁ ነው የሚመስላት! ጎበዝ አትበያት! ጠብቂያት! መልሷን ሳትሰሚ ካርድ አትገልብጪባት!»

መምህርቷ ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ እንዳትፈራ ብዬ ነው…»

«ካርዱን ስጪኝ» አሉ ዳይሬክተሯ። እናትየውን «አንቺም ቁጭ በይ ልጄ» አሏት። ካርዱን ከፍ አድርገው ያዙ። «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ብለው ዝም አሉ።

ልጅቱ ጠበቀች። እሳቸውም ጠበቁ። በኮሪደሩ አንድ ሰው ወንበር እየጎተተ አለፈ። የልጅቱ እጆች ለጭብጨባ ግማሽ ድረስ ተነሱና የሚጠበቀው ቃል ስላልመጣ ተመልሰው ወረዱ። ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ጠፋ። ዳይሬክተሯን አየች፣ መምህርቷን አየች፣ እስክሪብቶውን አየች። በመጨረሻ ወደ እናቷ ዘንበል ብላ፣ በሹክሹክታ፣

«እማዬ፣ ልናገር?» አለች።

«ተናገሪ! ምን ጥያቄ አለው? ለምንድነው እኔን የምትጠይቂኝ?»

«ሥራ ላይ ናቸው እኮ» አለች ልጅቱ፣ ፋይሎቹን በአገጯ እያሳየች። «ሥራ ላይ ሲኮን ዝም ነው።»

ዳይሬክተሯ ካርዱን አወረዱ። «እንዲህ ብሎ ያስተማራት ማነው?»

የሚጠቆም ሰው አይጠፋም ነበር። ባሏ አለ፣ እህቱ አለች፣ ባለመነጽሯ እዚሁ ቁጭ ብላለች፣ ጥንቸሏ ብትጠፋም ስሟ አለ። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ቀን ሙሉ በየተራ ስትበላቸው የከረመችው እነዚህኑ ነው። አሁን ግን የጥንቸሏ የመጀመሪያ ሳምንት ዓይኗ ላይ መጣባት። ልጅቱ ከጠረጴዛው ሥር ሆና «ቀይ! ቀይ ነው!» ብላ ትጮህ ነበር። ትመልስላት ነበር እኮ! እናትየው ከላይ፣ መቀሷ ውድ ሐር ላይ ሆኖ፣ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ዝም በይ! ታሳስቺኛለሽ!» ትላለች። በማግስቱም እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን ላይ ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እናትየው ያንንም በመለኪያ እንጨቷ ጠረጴዛውን መትታ ጸጥ አሰኘችው። ከዚያ በኋላ የቀረችው ጭብጨባ ብቻ ነበረች፤ ጭብጨባውን ማንም አልከለከላትም። ደንበኞቹም መጥተው «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ» አሉ።

እንዲህ ያለ ንዴት ከዚያ በፊት አጋጥሟት አያውቅም። የምታወርድበት ሰው የለውም።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

ባለመነጽሯ አንገቷን ደፍታ የእስክሪብቶዋን ክዳን መክፈትና መዝጋት ያዘች። ዳይሬክተሯ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ራቅ አድርገው ወደ ልጅቱ አዞሩት፣ ጎንበስም አሉላት።

«አሁን ሥራ ላይ አይደለሁም። ንገሪኝ።»

ድንቢጥ እናቷን አየች። እናቷ በራሷ ነቀነቀችላት።

«ቀይ ነው» አለች ልጅቱ። «ግን እንደዚያች ሴትዮ ቀሚስ ቀይ አይደለም። የሷ የወይን ጠጅ ነው። እማዬ ‹ይሄ ክር አይሄድልሽም› ስትላት ‹ይሄዳል› አለች፣ ከዚያ ተጣሉ፣ ከዚያ እማዬ ፈታችው። የእርስዎ ሻርፕ ደግሞ አረንጓዴ አይደለም፣ የወይራ ነው። ዳሩ ተተርትሯል። ለምን አያስቀመቅሙትም? እማዬ ትቀመቅማለች። አምስት ቀሚስ አላት፣ አንዱ ዚፕ የለውም…»

ጥንቸሏ ስለ ወይን ጠጅና ስለ ወይራ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም። ይሄ ሁሉ የተሰማው ከጠረጴዛው ሥር ነው፣ ዝም ተብሎ።

ዳይሬክተሯ ቅጹን ከመምህርቷ ፊት ሳብ አደረጉና ያቺን መስመር በሁለት ሰረዝ ሰረዟት። ከሥሯ «ተቀብለናል» ብለው ጽፈው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እናትየው ገፉት።

«ስምሽን ጽፈሽ ፈርሚ። ምዝገባው እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል።»

ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶውን አነሳች። ቅጹ ላይ የሚሞላው ቦታ ብዙ ነው፣ ልጅቱ ደግሞ እጅጌዋን ትጎትታለች።

«እማዬ፣ እማዬ፣ ያቺ ዚፕ የሌላት ቀሚስ እኮ…»

«ዝም በ…»

ምላሷ ላይ ነበረ። ግማሹ ወጥቷል። ልጅቱ ወዲያው አፏን ዘጋች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች፣ ጀርባዋን አቀናች።

እናትየው እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ወንበሯን ወደ ልጇ አዞረች። ቅጹ ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ከበሩ ውጭ ሌላ ወላጅ ተራ እየጠበቀ፣

«ቀሚሷ ምን ሆነች?» አለቻት።

ልጅቱ አልመለሰችም። እናትየው ጠበቀች።